ስለ ግልገል ድመትና ስለ ቤት ዕቃ

ርእሱን ስታዩ፥ «ስንት የሚጻፍ ቁም ነገር ሞልቶ ሳለ መምህሩ ስለ ድመት ይጽፋልን?» ብላችሁ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም ነገሩ በቤታችን ሳይደርስ ከሌላ ሰው ብንሰማው ፈገግ ማለታችን አይቀርም ነበር። ዳሩ ግን ሁለት ግልገል ድመቶች ከኅዳር እስከ ግንቦት በቤታችን ውስጥ የሰጡን ትምህርት፥ ሃያ ዓመት ያህል በሰሌዳ ፊት ቆመን ካገኘነው የሚያንስ አልሆነም። ስለዚህ እናንተም በቤታችሁ ግልገል ድመት ብታስገቡ እኛ የሳትነውን እንዳትስቱ፥ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ ልንነግራችሁ ወደድን።

የምንኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ነው። በኅዳር ወር አዲሱ እህል ወደ ቤት ሲገባ አይጥም አብሮ ገባ። ጆንያ ቀደደ፤ የተማሪዎቻችንን የፈተና ወረቀት ሳይቀር ቈረጣጠመ። ያን ጊዜ አንዲት ጐረቤታችን ድመታቸው ከወለደቻቸው መካከል ሁለቱን በቅርጫት አድርገው ሰጡን። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ነጯን ሴት ሻሽ፥ ዥጕርጕሩን ወንድ ነብሮ ብላ ስም አወጣችላቸው። ዕድሜያቸው ገና ስድስት ሳምንት ነበረ። ግልገል ድመት ቢያንስ እስከ ስምንተኛው ሳምንት፥ ቢቻልም እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ድረስ ከእናቱ ጋራ ቢቈይ እንደሚሻል፥ በዚያም ጊዜ ንክሻውን መቈጠብ ከእናቱና ከወንድሞቹ እንደሚማር አላወቅንም ነበር።

አይጡ የድመት ሽታ ሲሸተው ቀስ በቀስ ከቤቱ ለቀቀ። ነገር ግን የአይጡን ሥራ ግልገሎቹ ተረከቡት። በመጀመሪያ የጫማ ማሰሪያ ተበላ። ቀጥሎ የባለቤታችን የነጠላ ዘርፍ፥ የመሶቡ ክዳን ጫፍ፥ የልጃችን ደብተር ጥግ፥ የተንቀሳቃሽ ስልክ መሙያ ገመድ፥ አንዱ ከሌላው እየተከታተለ የጥርስ ምልክት ተገኘበት። ቀን ቀን ተኝተው ይውሉና፥ የቤቱ ሰው መብራት አጥፍቶ ሊተኛ ሲል ይነሣሉ፤ ከአልጋ ወደ ቍም ሣጥን፥ ከቍም ሣጥን ወደ መጋረጃ እየዘለሉ ቤቱን የጕግስ ሜዳ ያደርጉታል።

ምክር ሰጪ አልጠፋም። አንዱ ጐረቤት «ገመዱን በርበሬ ቀቡት» አለን፤ ሌላው «ጋዝ አርከፍክፉበት» አለን። እናታችን ግን ጥጣቸውን እየፈተሉ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኛ መምህር ነንና፥ ጥፋት ያለ ቅጣት አይቀናም የሚል አሳብ በልባችን ነበረ።

በግድግዳችን ላይ ወላጅ አባታችን ዲቁና በተቀበልን ዓመት የሰጡን የብራና ዳዊት በማኅደሩ ሆኖ ይሰቀላል። ማኅደሩ ቆዳ ነው፤ ማንገቻውም ጠፍር ነው። አባታችን ካረፉ ብዙ ዓመት ስለ ሆነ፥ ያን ጠፍር ስንይዝ የእጃቸውን ወዝ የያዝን ይመስለናል። በየካቲት ወር፥ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጠፍሩ ታኝኮ ተበጥሶ፥ ማኅደሩ ከመሬት ወድቆ፥ ሻሽም በላዩ ላይ ተኝታ የቀረውን ጫፍ ስታላምጥ አገኘናት።

ቍጣ ዐይናችንን ጋረደው። የተበጠሰውን ጠፍር አንሥተን ሁለት ጊዜ መታናት። እርሷም ጮኻ ከአልጋ ሥር ገባች። ልጃችን በበሩ ቆማ ታይ ኖሮ፥ «አባባ፥ እርሷኮ ዳዊት መሆኑን አታውቅም» አለችን። እኛም «እንድታውቅ ነው» አልናት።

ይህን መልስ ዛሬ ስናስበው እናፍራለን። በክፍላችን ውስጥ አርጩሜ አንይዝም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጐዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓልና። እኛም ራሳችን በልጅነታችን በየኔታ ፊት ተንበርክከን ጠፍር የቀመስን ነን። በሰው ልጅ ላይ የማናነሣውን በአንዲት የእጅ መዳፍ በምታህል ፍጥረት ላይ አነሣነው።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ በፊታችን አንዳች ነገር አልታኘከም። እኛም ለባለቤታችን «አየሽ፥ ገባት» አልናት። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ሻሽ የጫማችንን ድምፅ ስትሰማ ከአልጋ ሥር ትገባለች፤ ስንወጣ ትወጣለች፤ ሌሊት እንደ ልማዷ ታኝካለች። የተማረችው ጠፍር እንዳይታኘክ ሳይሆን፥ እኛ ባለንበት እንዳይታኘክ ብቻ ነበር።

በአምስተኛው ቀን እናታችን የፈተሉትን ልቃቂት፥ ያለ ወትሯቸው በሙዳይ ሳይከቱት በመደብ ላይ ትተውት ከነበረበት ተተርትሮ አገኙት። አንሥተው ቢያዩት ፈትል ጐድሎታል፤ ጫፉም ተበልቷል። «ሻሽ የት አለች?» ብለን ብንጠያየቅ፥ ስትበላ ያያት የለም። ባለቤታችን ልጅቱ ያበላቻት፥ ልጅቱም ከነብሮ ጋራ የበላች መስሏቸው ነበር። እኛማ ከእኛ ስለምትሸሽ ከናካቴው አላየናትም።

ልጃችን የስልክ መብራት ይዛ ከአልጋ ሥር ገባች። ግልገሏ በጥጉ ተኰራምታ፥ ለሃጭዋ እየወረደ፥ ከፊቷ ትውከት፥ ከአፏም ዳር የፈትል ጫፍ ተንጠልጥሎ አገኘቻት። እኛ ቸኵለን ፈትሉን ልንስብ እጃችንን ስንዘረጋ፥ ባለቤታችን «አትንካው! ሌላው ጫፍ የት እንዳለ ታውቃለህ?» ብላ ያዘችን። ይህ ቃሏ የግልገሏን ነፍስ እንዳተረፈ ኋላ ተረዳን።

በቅርጫት አድርገን በከተማችን ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሮጥን። በፊታችን ላምና በቅሎ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ነበሩ። መምህር ድመት ታቅፎ ሲመጣ ቢያዩ ይሥቁብናል ብለን ፈርተን ነበር፤ ነገር ግን አንዱ አዛውንት የግልገሏን ሁኔታ አይተው ተራቸውን ለቀቁልን።

ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ሲያይ፥ ፈትሉ ከምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ቀሪው ወደ ሆዷ ወርዷል። እንዲህም ሲል አስረዳን። የድመት ምላስ ወደ ጕሮሮ የዞሩ እሾህ መሰል ነገሮች ስላሉት፥ ክር አንድ ጊዜ ከገባ መትፋቱ ያስቸግራታል። አንደኛው ጫፍ በምላስ ሥር ተይዞ ሌላው ሲወርድ፥ አንጀት በማሰሪያው እንደሚታሰር ከረጢት ይሰበሰባል፤ ፈትሉም ተወጥሮ አንጀቱን እንደ መጋዝ ሊቈርጠው ይችላል። በአፍ ወይም በኋላ የታየውን ክር ሰው ቢስበው ይህንኑ ጉዳት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ክር አለመሳብ፥ ጊዜም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ቀና ብሎ፥ «ምግብ መቅመስ የተወችው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን።

መልስ አልነበረንም። በመምህርነት ዘመናችን ብዙ ጥያቄ ጠይቀናል፥ ብዙም ተጠይቀናል፤ እንደዚያ ያፈርንበት ጥያቄ ግን ትዝ አይለንም። ግልገሏ ከእኛ መሸሽ ስለ ተማረች፥ ሕመሟም ከእኛ ተሸሽጎ ነበር። ጥፋትን ለማስቀረት ያነሣነው ጠፍር ጥፋትን አላስቀረም፤ ጥፋቱንም ሕመሙንም ከዐይናችን ሰወረው እንጂ።

ሐኪሙ የተጠመጠመውን ከምላሷ ሥር ቈርጦ ለቀቀና ሁለት ቀን ከዘንዱ አቈይቶ ጠበቃት። በሦስተኛው ቀን፥ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁንና፥ ፈትሉ ከእዳሪዋ ጋራ ወጣ። «ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም፤ ብዙ ጊዜ ሆድ ቀዶ ማውጣት ግድ ይሆናል» ሲል አስጠነቀቀን።

እንግዲህ ግልገል ድመት ስለምን ያኝካል? ከሐኪሙ የሰማነውንና ኋላም ራሳችን አንብበን የተረዳነውን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት ጥርስ ነው። ድመት እንደ ሕፃን የወተት ጥርስ አለው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መውጣት ይጀምራል፤ ቍጥሩም 26 ነው። ወደ አራተኛው ወር ገደማ መነቃነቅና መውለቅ ይጀምርና፥ በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር 30ው ቋሚ ጥርስ ተተክቶ ያበቃል። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ሻሽ ጠፍሩን የበላችው በአምስተኛ ወሯ ነበረ፤ የመታናት እንግዲህ ጥርስ በማብቀሏ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አዳኝነቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርመራ እንዳስረዳው፥ የቤት ድመት የተገኘው ፌሊስ ሊቢካ ከሚባለው የዱር ድመት ነው፤ ይህም አውሬ ዛሬም በአገራችን ዱር ይገኛል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋራ የተቀበረ የ9,500 ዓመት ያህል የድመት ዐፅም መገኘቱ ታውቋል። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋራ ቢኖርም፥ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ በድመት ዐይን የአይጥ ጅራት ነው። ጐሕ ሲቀድና ሲመሽ ለአደን መነሣቱም ከጥንቱ ነው። የእናታችን ተረት እውነት ነው፤ ዐመሏን አትረሳም። ነገር ግን ዐመልን ማጥፋት ባይቻል መንገድ ማስያዝ ይቻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ረኃብ ነው። ሐኪሙ «ምን ትበላለች?» ቢለን፥ ጾም ከገባ ወዲህ እንጀራ በሽሮ ነው አልነው። እርሱም ድመት በእህል ብቻ ሊኖር እንደማይችል፥ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከመሰለው ካላገኘ ውሎ አድሮ ዐይኑና ልቡ እንደሚጐዱ፥ በወጥ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኵርትም ደሙን እንደሚጐዳበት ነገረን። ይህን በቤት ስንናገር እናታችን «በነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሟል» አሉ። እኛም «እማዬ፥ እርሱ ንጉሡ በጭንቅ ቀን ያወጀው ነው፤ ድመት ሁዳዴን ትጹም የሚል ሥርዓት ግን አልተማርንም» አልናቸው። ሥቀው «እንግዲያው በእኔ ድስት እንዳይሆን» አሉ። አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ገዛን። ሥጋ ቤት በጾም ቢዘጋም፥ ከዶሮዎቻችን እንቍላል፥ በገበያ ሲገኝም ከጣና የሚመጣ ዓሣ፥ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅለን፥ የዓሣውን አጥንት አውጥተን፥ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ጀመርን።

ከዚህም ቀጥሎ ያደረግነው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ የሚያሳስተውን ከፊቱ አነሣን። ክር፥ መርፌ፥ የፀጕር ላስቲክና የጫማ ማሰሪያ ክዳን ባለው ሙዳይና በሣጥን ገቡ። የስልክ መሙያው ሥራ ሲያበቃ ይነቀላል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖረውን የመብራት ገመድ አሮጌ የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቀን በውስጡ አስገባነው። ግልገል ድመት ኤሌክትሪክ ያለበትን ገመድ ቢነክስ አፉ ይቃጠላል፥ ሊሞትም ይችላል፤ ቤቱም ለእሳት ይጋለጣል። ዳዊቱንም፥ ማንገቻው ወደ ታች እንዳይንጠለጠል ጠቅልለን፥ ከፍ ባለ ችካል ሰቀልነው። ይህን አስቀድመን አድርገነው ቢሆን ኖሮ ጠፍሩም ሻሽም በዳኑ ነበር።

ሁለተኛ፥ ሊታኘክ የተፈቀደ ነገር ሰጠነው። ባለቤታችን አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ሞልታ፥ ክር እንዳይፈታበት አጥብቃ ሰፋችው። ለመዋጥ የማይቻል ትልቅ መሆን አለበት። ድዳቸው ሲያብጥ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረን እያየናቸው እንዲነክሱት አደረግን። አሮጌ ጫማ ግን አልሰጠናቸውም፤ አሮጌውን ጫማ ከአዲሱ፥ የተጣለውን ቆዳ ከዳዊቱ ማኅደር የሚለዩበት ዕውቀት የላቸውምና።

ሦስተኛ፥ የአደን ጊዜ ወሰንንላቸው። ልጃችን በዘንግ ጫፍ የዶሮ ላባ አስራ፥ ጧት ከትምህርት ቤት በፊትና ማታ ከመኝታ በፊት፥ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ታሯሩጣቸዋለች። እንዲያዙትም ትፈቅዳለች፤ ያላገኘ አዳኝ ይናደዳልና። ወዲያው ምግብ ይቀርባል። አድኖ የበላ ድመት ሰውነቱን ልሶ ይተኛል፤ እኛም እንተኛለን። ዘንጉ ከጨዋታ በኋላ ይሸሸጋል፤ እርሱም ክር አለበትና። በእጅና በጣት ማጫወት ግን ከለከልን፤ ዛሬ በትንሽ ጥርስ የሚነከስ ጣት ነገ በትልቁ ይነከሳል።

አራተኛ፥ የተከለከለውን ሲያኝክ ብናገኘው አንጮኽም፥ አንመታም። ሁላችንም በአንድ ቃል «ተው» እንላለን፤ ዕቃውን ቀስ ብለን ወስደን ካልሲውን በምትኩ እንሰጣለን፤ ካልሲውን ሲይዝ እናሻሸዋለን። ጥፋቱ ካለፈ በኋላ ደርሰን ከሆነ ግን ዝም ማለት ነው። ድመት የአሁኑን ቍጣ ከቅድሙ ሥራ ጋራ አያገናኝም፤ ሰውየው የሚያስፈራ መሆኑን ብቻ ይማራል።

አምስተኛ፥ ሊነሣ የማይችለውን ዕቃ፥ የወንበሩን እግርና የጎማውን ጫፍ፥ በብርቱካን ልጣጭ አሸነው፤ ድመት ሽታውን ይጠላልና። በርበሬ ዐይኑንና አፉን ያቃጥላል፤ ጋዝና የብል መከላከያ ናፍታሊን ደግሞ መርዝ ናቸውና ከቶ አይገቡበትም።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ፍሬ አልሰጠም። ነብሮ ቶሎ ገራ፤ ገመዱንም መሶቡንም ተወ። ሻሽ ግን ምንም እንኳ ማኘኳን ብትቀንስ፥ ከእኛ መሸሿን አልተወችም። ምግቧን እኛ ራሳችን ማቅረብ ጀመርን፤ ሳህኑን አስቀምጠን ወደ ኋላ እንልና ጀርባችንን ሰጥተን ደብተር እናርማለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍሉ ካልወጣን አልበላችም። በመጋቢት አጋማሽ እኛ ተቀምጠን ሳለን በላች። ያን ሰሞን ልጃችን በካልሲው ላይ ተሰክታ የቀረች አንዲት ኢምንት ጥርስ አግኝታ፥ የራሷን የወተት ጥርስ እንዳደረገችው ሁሉ በጣራ ላይ ወረወረችላት።

በግንቦት ወር አንድ ማታ የፈተና ወረቀት ስናርም፥ ሻሽ ሳትጠራ መጥታ በጭናችን ላይ ወጣች። ጥቂት ተኝታ ነቃችና የብዕራችንን ክዳን ማኘክ ጀመረች። ልጃችን ከማዶ ሆና ምን እንደምናደርግ ታይ ነበር። «ተው» ብለን ካልሲውን አቀበልናት፤ እርሷም ተቀበለችን።

ለዳዊቱ አዲስ ጠፍር አሠርተንለታል። በማኅደሩ ጥግ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት ግን ሠሪው ሊያጠፋው ቢል ከለከልነው። እንግዲህ፥ ወዳጆቻችን ሆይ፥ በቤታችሁ ግልገል ድመት ቢኖር ጥርሱ እስኪጸና ጥቂት ወራት ታገሡት፤ ክራችሁን ክተቱ፥ ገመዳችሁን ሸፍኑ፥ የሚያኝከውን ስጡት። ከሰባተኛው ወር በኋላም ጨርቅና ክር መዋጡን ካልተወ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፥ ሲታመም ወደ እናንተ የሚመጣ እንጂ ከእናንተ የሚሸሸግ አታድርጉት።